የኋላውን ደረጃ በብሎኬት ለዘጉልን ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለክቡር አቶ ሙሉብርሃን፣
የገበያ ሕንፃችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? በተለይ ሳንባዎ? እኛ የሶማሌ ተራ ነጋዴዎች፣ ምስጋናው ለእርስዎ ሳይሆን ለፈጣሪ ይሁንና፣ ሁላችንም በሕይወት አለን።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለሁት ሱሀይር ባህረዲን ነኝ። ገና ያልተሠራ ዕቃ፣ ወንበርም ሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ማውጫ ሞልድ፣ ከነውፍረቱ ከነውስጡ በኮምፒውተር እቀርጻለሁ፤ እያዞርኩ ሳሳይ ስህተቱ ከመሠራቱ በፊት ይታያል። እንጀራዬ ይኸው ነው።

አንደኛ፣ የኋላውን ደረጃ ዘግተው ሱቅ ሊያከራዩበት በማሰብዎ እናመሰግናለን፤ ሰው ያለ ደረጃ መውረድ እንደሚችል ያመኑብን እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ ግን እምነት ስለጎደለኝ ሕንፃውን እንዳለ፣ በየመተላለፊያው የተቆለለው ጨርቅ ሳይቀር፣ በኮምፒውተሬ ቀረጽኩት። ሰዎችን አቆምኩበትና ጭስ ለቀቅኩበት። ገሚሱ ፊተኛው ደረጃ ላይ ተጣበቀ፤ ከኋላ የነበሩት ብሎኬቱ ሥር ቀሩ።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ እላይ ፎቅ ቢሮዎ ድረስ ይዤ ስመጣ "እህቴ፣ በልጆች ጌም ነው ሥራ የምታስፈቺኝ?" ብለው በሳቅ ስለሸኙኝ ባለውለታዎ ነኝ። ባይስቁብኝ ኖሮ ስክሪኑን አውጥቼ ሱቄ በር ላይ ባልሰቀልኩት ነበር። ከብሎኬቱ ግንብ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እትዬ ጠሂራ ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩና ብሎኬቱ ሥር የወደቀችውን ምስል በጣታቸው ነኩ።

"ልጄ፣ ይቺ እኔ ነኝ?" አሉኝ።

ስክሪኑን አላጠፋሁትም።

መብራቴን ስላስቆረጡብኝም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጎረቤቴ ጋሼ ሽኩር ከሱቃቸው ገመድ ሳቡልኝ፤ በማግስቱ ደግሞ "ከማየት ማፍረስ ይሻላል" ብለው መዶሻ ይዘው መጡ። ነጋዴው ሁሉ ተከተላቸው። ግንቡ ከምሳ በፊት ወረደ፤ እርስዎም በንብረት አውዳሚነት ከሰሱን።

ክሱ ሳይታይ ግን ሁለተኛ ፎቅ የስፖንጅ መጋዘኑ ውስጥ መብራት ኮንታክት ፈጠረ። ጭሱ ፊተኛውን ደረጃ ሞላው። በኋላው ወረድን፤ እትዬ ጠሂራን ወዛደሮች ደግፈዋቸው፣ እሳቸው "ቀስ በሉ፣ ጉልበቴን!" እየተቆጡ። ብዙ ዕቃ ነደደ። ሰው ግን አልጠፋም። ታች ቆመን ስንቆጠር ሁላችንም ነበርን፤ እኔ ያኔ ነው አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት።

አሁን ደግሞ ስክሪኑ እንዲነሳ፣ ግንቡም በእኛው ወጪ እንዲመለስ አዘዋል። በታላቅ ትሕትና እናሳውቅዎታለን፦ ስክሪኑ አይነሳም። ግንቡም አይመለስም። ብሎኬት የጫነ መኪና ቢመጣ የደረጃው አፍ ላይ እኛው ተቀምጠን እንጠብቀዋለን።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣ ንብረት አውዳሚዎችዎን በመወከል፣
ሱሀይር ባህረዲን

ማስታወሻ፦ በእሳቱ ዕለት በኋላው ደረጃ ከሁላችንም ቀድመው ሲወርዱ የግራ እግር ጫማዎን ጥለው ሄደዋል። አጽድተን አስቀምጠንልዎታል፤ መውሰጃው በዚያው ደረጃ ነው።