ከቀብርህ በኋላ ሞጣ የደረሰው ወረቀት

አስማማው ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሞላ። በአንተ ክፍል የሚያስተምር ሌላ መምህር ከወሎ ተመድቦ ቢቸና መጥቷል። ትልቁን ኮትህን ለወንድምህ ሰጠሁት። የቼዝ ሰሌዳህን ግን ከመስኮቱ ሥር አላነሳሁትም። ዛሬ የምጽፍልህ ለሰው ያልነገርኩት ነገር ስላለኝ ነው።

በተቀበርክ በወሩ ገደማ ከሞጣ ቀበሌ ጠሩኝ። ጓደኛህ ጀማል፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ታስሮ ነበር። በፖስታ ቼዝ እንደምትጫወቱ ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? ቤቱን ሲፈትሹ በአንተ እጅ የተጻፈ ወረቀት አገኙ። ሰሌዳ ተሥሎበታል፤ ከሥሩ «ነጭ ይጀምራል፤ በሁለት እርምጃ ያበቃል» ይላል። «ነጭ ሽብር» በሚባልበት በዚህ ዘመን «ነጭ» የሚለው ቃል ሰው እንደሚያስገድል አንተም ታውቃለህ።

በጭነት መኪና ተሳፍሬ፣ በደብረ ወርቅ አልፌ ሞጣ ገባሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

«ባልሽ መቼ ሞተ?» አለኝ። ነገርኩት። ፖስታውን አዙሮ ማኅተሙን አሳየኝ። ከቀብርህ አራት ቀን በኋላ ቢቸና ላይ የተመታ ነው።

«የሞተ ሰው ደብዳቤ ይልካል?»

የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ከአልጋ አልወረድክም፤ እጅህ ማንኪያ እንኳ አይዝም ነበር። ቤታችን ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። «ፖስታ ቤት የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ዋሸሁ፤ አልሰጠሁም።

«ቼዝ ወታደር ቤት ሳለሁ ተምሬያለሁ» አለ። «ጨዋታ ከሆነ ፍቺው። ካልሆነ እሱም አንቺም ትጠየቁበታላችሁ።»

ጀማልን አምጥተው ጥግ አስቀመጡት፤ እንዳይናገር ከለከሉት። ከቤቱ ያመጡትን የጀማልን ሰሌዳ ዘርግቼ ጠጠሮቹን በወረቀቱ መሠረት ደረደርኩ። ጥቁሩ ንጉሥ ከማዕዘኑ ተጠግቷል፤ ሁለት ወታደሮች ከፊቱ፣ ግንቡ ከወዲያ። ፈረሴን ላስገባ እጄን ዘረጋሁ፤ ግንቡ እንደሚበላው ሳይ መለስኩት። ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ያስተማርከኝ ሁሉ ከራሴ በኖ ጠፋ።

ያኔ ተሰማኝ። ከመጫወትህ በፊት የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍርህ ሁለት ጊዜ ትመታ የለም? ኳ፣ ኳ። ከባዶው ወንበር በኩል። ናፍቆቴ ነው ብዬ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ግን ቀና ብሎ ወደ በሩ አየና «ማነው?» አለ። ማንም አልነበረም። ጀማል ዓይኑን ጨፈነ። ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ ውጭ ግን ቀትር ነበር።

እጄ ፈረሱን ትቶ ንግሥቲቱን አነሳ። ወስጄ ከጥቁሩ ንጉሥ ጎን አስቀመጥኳት።

«ንግሥትሽን በነፃ?» አለ።

«ይብሏት» አልኩት።

ንጉሡ እንዳይበላት ፈረሴ ይጠብቃታል። ሊቀመንበሩ ሌላ ምርጫ አልነበረውምና በግንቡ በላት። ግንቡም ከንጉሡ አጠገብ ያለችውን ቤት ሞልቶ ቆመ። አሁን ፈረሱን የሚነካው አልነበረም፤ አስገባሁት። ንጉሡ በገዛ ሰዎቹ ታፍኖ መውጫ አጣ።

ሊቀመንበሩ ጠጠሮቹን መልሶ ደርድሮ ራሱ ሞከረ። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሂጂ አለኝ። ባዶውን ወንበር እንዳይነካ ዞሮ ነበር የወጣው።

ጀማል በሳምንቱ ተፈታ። አሁን ወደ ሐረር ተዛውሯል። ሲሄድ ቢቸና ወርዶ መቃብርህ ላይ ብዙ ቆመ። ምን እንደሰማ አልጠየቅኩትም።

ፖስታ ቤትም ሄጄ ነበር። ደብዳቤውን ማን እንደሰጠው ስጠይቀው ጸሐፊው ጥቁር ልብሴን አየ። «መምህሩ...» ብሎ ጀመረና ተወው። አላስጨረስኩትም።

አስማማው፣ አልረሳህም። ተዝካርህን አወጣለሁ፤ ስምህን በቅዳሴ አስጠራለሁ፤ በዕድሜዬ ልክ አነሳሃለሁ። ጀማልን ስላተረፍክልኝም እግዜር ይስጥልኝ። በስሜ ከጠራኸኝ ግን ወዬ አልልህም፤ ለሙት ጥሪ ወዬ ያለ ይከተለዋል ይባላል። ጨክኜብህ አይደለም፤ ገና ነኝ።

ያንተው ይርገዱ