አንተ ታጠጣው የነበረው ኦርጋን

ጌቾዬ፣

እንዴት ከርመሃል ብዬ ብጀምር ሰው ይስቅብኛል፤ ሌላ አጀማመር ግን አላውቅም። ከተለያየን ሁለተኛው የአዋሽ በጋ አለፈ። ያንን በጋ ታውቀዋለህ፣ ቆርቆሮው እኩለ ቀን ላይ እንደ ፈንዲሻ የሚንጣጣበትን። እኔ ደህና ነኝ። ባቡሩ እንደ ድሮው ያረፍዳል። አንተ ትኬት ትቆርጥበት በነበረው መስኮት አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች፤ ሥራዋን ታውቃለች፣ ቀልድ ግን የላትም። ጎረቤታችን ዘሃራ ሻይ ቤቷን አስፍታ ከወሎ ሁለት የአክስቷን ልጆች አምጥታለች። ያንተን ወንበር ግን ከቦታው አላነሳችም። ሰው ሊቀመጥበት ሲል «እሱ እግሩ ሰባራ ነው» ትላለች። ወንበሩ ምንም አልሆነም።

ሐሜት እዚያም የሚደርስ ከሆነ፣ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔው ስማው። ሚስትህ ዘበኛ ወደደች ተብሏል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ባቡር ሠራተኞች ክበብ ስሄድ፣ ዘበኛው ሁመድም በሩን ከፍቶ ሲያስገባኝ ታየና ከተማው የቀረውን ራሱ ሞላው። ሁመድን ታውቀዋለህ፤ የልጅ ልጅ ያየ አፋር፣ ከሰው ጋር ከማውራት ከግመሎቹ ጋር ዝም ማለት የሚመርጥ። ወሬውን ያራባችው ደግሞ ማን መሰለችህ? ራሷ ዘሃራ ናት። ሻዩን እየቀዳች፣ «ሰው ሁሉ የሚያወራውን ነው የምነግራችሁ» እያለች።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ኦርጋኑ ነው። ደብዳቤዬን ሌላ ሰው ቢያነበው እንዲገባው ልናገር፤ በክበቡ ጥግ ያለው፣ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ትቶት የሄደው፣ በእግር እየተረገጠ በአየር የሚዘምረው አሮጌ ኦርጋን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ወጥተህ ስትጫወትበት እኔ ፊት ወንበር ላይ ሆኜ የማየው እጅህን ሳይሆን እግርህን ነበር። የቀኝ ጫማህ ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቅ ነበር። የቀኙ መርገጫ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ዘይት ቀባው ስልህ «ሽማግሌ ሲራመድ ጉልበቱ ይሰማ፣ ተዪው» አልከኝ። እንጨቱ በዚህ ሙቀት እንዳይሰነጠቅ ብለህ ከሆዱ ሥር በጣሳ ውሃ ታስቀምጥለት፣ ከውሃው ላይ እርጥብ ጆንያ ታንጠለጥልለት ነበር። ቤት ስትመለስ «አጠጥቼው መጣሁ» ትለኝ ነበር፣ እንደ ከብት።

አሁን ክበቡ ለኪነት ቡድኑ በመብራት የምትሠራ አዲስ የሙዚቃ መሣሪያ አስመጥቷል፤ ከጅቡቲ በባቡር። አንተ ጣቱን ያቀናህለት የሙዚቃ መምህሩ መላኩ አቅፎ ሲያስገባት ሕፃን የያዘ መስሎኝ ነበር። ከዘሃራ ትሪ ብዙም አትበልጥም። ውስጧ መለከት አለ፣ ቫዮሊን አለ፣ ዋሽንት አለ። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ጆሮም አላት። በትንሿ ማይክ የሰማችውን ድምፅ ይዛ በሁሉም ቁልፍ ላይ ትመልሰዋለች። ዘሃራ ጠጋ ብላ «አሰላሙ አለይኩም» አለችባት። መላኩ ሲጫን ዘሃራ በቀጭኑም በወፍራሙም ሰላምታ አወረደችብን። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ጌቾ፣ አንተ ብትኖር ያችን መሣሪያ ከእቅፍህ አታወርዳትም ነበር።

ነገሩ የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። የክበቡ ሊቀመንበር ክፍሉ ጠበበ፣ ኦርጋኑ ፈርሶ የመጻሕፍት መደርደሪያ ይሁን አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ መካኒክ ነው፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ዕቃ ያመዋል። መላኩ መከልከል ቢያቅተው፣ ቢያንስ ከመፍረሱ በፊት ድምፁን በመሣሪያዋ ላስቀር ብሎ ለመነ። ሊቀመንበሩ ደስ አለው። «ድምፁ ከቀረልን እንጨቱ ምን ያደርግልናል?» አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እጄን በነጠላዬ ውስጥ እጨብጥ ነበር።

መላኩ ኦርጋኑን እየረገጠ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ መሣሪያዋ አዳመጠች። ከዚያ በእሷ ላይ ሲጫወት፣ አንተ ነህ! ግን ትንሽ ቆይቶ ሁላችንም ሰማነው። መሣሪያዋ የመርገጫውንም ሲጥታ አብራ ይዛው ኖሯል። በቀጭኑ ቁልፍ እንደ ጫጩት፣ በወፍራሙ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል፤ መላኩ አራት ጣት ሲያሳርፍ አራት ሲጥታ። ዘሃራ «ጌታቸው ብቻውን ነበር የሚረግጠው፣ አሁን ዘመዶቹን ሰብስቦ መጣ» ስትል ሊቀመንበሩ ሳይቀር ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ ቬንትሌተሩ ቆመ። መብራት ሄደ። ሙቀቱ ከጣሪያው ወረደብን፤ መሣሪያዋም ጸጥ አለች። ብዙ ጠብቀን መብራቱ ቢመለስ፣ መላኩ ሲጫን የወጣው መለከት ነው። የሰማችውን የምትይዘው ኃይል እስካላት ድረስ ብቻ ኖሯል። እንደገና ሊያስቀዳ ተነሣ፤ መብራቱ ዳግም ሄደ። ያን ጊዜ መላኩ መሣሪያዋን ወደ ጎን አደረገና ኦርጋኑ ላይ ተቀመጠ። አንተ ቅዳሜን የምትዘጋበትን ዜማ ጀመረ። ጌቾ፣ ድምፁ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። ወለሉ ይሰማዋል። በቆቡ ራሱን ሲያራግብ የነበረው ሊቀመንበር ማራገቡን አቆመ።

ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ እንጨቱን ዳበሰ። በዚህ ሙቀት የክበቡ ጠረጴዛ እንኳ ለሁለት ተከፍሏል፣ ይሄ እንዴት ደህና ሆነ ብሎ ጎንበስ አለ። እጁን ሲያወጣ እርጥብ ነበር። ጣሳው እስከ አፉ ሞልቷል። የክበቡን በር ቁልፍ የያዘው ሁመድ ስለሆነ ሁሉም ወደ በሩ ዞረ።

ሁመድ ቸኩሎ አያውቅም። «ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት ታጠጣዋለች፤ እኔ በር እከፍታለሁ» አለ።

ዘሃራን ብታያት! መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ለምን ዝም አልሽ፣ ለምን ሐሜቱን አላስተባበልሽም አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሣጥን የምታጠጣ መበለት ከምባል፣ ዘበኛ የወደደች ብባል ይሻለኛል ብዬ ነው። እውነቱን ለአንተ ልንገርህና፣ ያን ጣሳ ስሞላ አንተ አምሽተህ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። ያን ለማን ይነግሩታል?

ኦርጋኑ አይፈርስም። ሊቀመንበሩ «መብራት ለሚጠፋበት ቀን» ብሎ ወስኗል፤ ምክንያቱ የእሱ ይሁን፣ እኔ ኦርጋኔን አግኝቻለሁ። መላኩ ትርኢት ባለ ቁጥር ለመሣሪያዋ ድምፁን እንደ አዲስ ያሰማታል፤ ኦርጋኑ እስካለ ሁልጊዜ የምትማርበት አላት። በአንድ እጁ መለከቷን፣ በሌላው ያንተን ኦርጋን ሲነካ አዋሽ ቆሞ ያጨበጭባል።

በማግስቱ ዘሃራ ደጄ መጣች። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ታውቃታለህ። የያዘችው ጀሪካን ውሃ ነበር። «ለእኔም ተራ ስጪኝ» አለች። ሰጠኋት። መላኩም ተራ ይዟል። ሁመድም ውሃ የጠማው ነገር ዘመድ ነው ብሎ አርብን ወስዷል።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መሐላ የሚያስፈልገው ለሚረሳ ሰው ነው። ውሃ የምወስድበት ጣሳ ታጥቦ መስኮቴ ላይ ተደፍቷል። ነገ ጠዋት የእኔ ተራ ነው።