ትራክተር ነጂዋ ቀድማኝ ደርሳለች

ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? ካርዷ ጠባብ ናት፤ አንድ ነገር ብቻ ላጫውትህ።

ትናንት የዚህ አገር ሰዓሊያን ማኅበር አዳራሹን አስጎበኘኝ። በስጦታ ያመጣሁትን የትራክተር ነጂዋን ሥዕሌን ሊሰቅሉልኝ ግድግዳው ፊት ስንደርስ፣ ለካ ሴትዮዋ ቀድማኝ ተሰቅላለች። ያው ሻሽ፣ ያው ትራክተር፣ ያው ሠላሳ ሁለት ጥርስ። የእነሱን የሳለው ጢማም ሽማግሌ አንዴ የእኔን አንዴ የራሱን አየና በአስተርጓሚው በኩል፣ «ከየት አገኘሃት?» አለኝ።

«ለናሙና ከላይ ተላከችልን።»

«ለእኛም» አለ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ቅንጣት ታህል አላፈረም። «ይኸው የአመለካከት አንድነት!» ብሎ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። አሁን ጎን ለጎን ተሰቅለው እንደ መንታ ይስቃሉ።

ሰው ሲበተን ሽማግሌው አስተርጓሚውን ጥሎ እኔን እጄን ይዞ ወደ መሣያ ክፍሉ ወሰደኝ። ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረ አንድ ሸራ ገለበጠልኝ። ሚስቱ ናት። ከፋብሪካ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ ብላለች። አትስቅም። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። እሱ በጣቱ መጀመሪያ ሸራውን፣ ቀጥሎ እኔን ጠቆመ፤ አንተስ እንዲህ ያለ አለህ ወይ ማለቱ ነው። እኔ ምን አለኝ? ያንተን አስቤ፣ አዎ አልኩት።

ካርዷን ለፖስታ ቤት አላመንኳትም፤ ከአገር ቤት አብሮን መጥቶ ቀድሞን በሚመለሰው ክራር መቺ እጅ ልኬልሃለሁ። ልጆቹን ሳምልኝ፣ የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ኮሚቴው «ፈገግ አድርጋት» ያለህን የእማማን ሥዕል ግን እንዳትነካው። አለን ብያለሁና አታሳፍረኝ።