መስከረም ሠላሳ አንድ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰውመሆን፣ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሃል ወንድምዬ? ሙቀቱ እንዴት አደረገህ? ክረምቱን ሙሉ ሲያስቸግርህ የነበረው ወገብህስ ተሻለው ወይ? ወለላ እንደምን ናት? ትንሹ አማረ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚስቀው? ከእናንተ ወረቀት ከመጣ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ዝምታችሁን የደኅና ነው ብዬ ተቀምጫለሁ።

እኛም ደኅና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። እናታችን በእርግጥ ደኅና ናት። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስጃት ሰባት ቀን ተነክራ ከተመለሰች ወዲህ የጉልበቷ ሕመም ለቀቃት፤ ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ልጄ ምኞትም ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ከእኔ አልፏል። ደኅና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ ሕመሜ የሐኪም ግን አይደለም። በስልክ እንዳልነግርህ መሥሪያ ቤት ሰው ይሰማኛል፣ ቤት ደግሞ እናታችን ትሰማኛለች። በኢሜይል እንዳልጽፍልህ ኮምፒዩተሮቻችን ገና ከበሽታ መነሣታቸው ነው፤ እስከ ድሬዳዋ እንዳላጋባብህ ፈራሁ። ስለዚህ በእጄ ጻፍኩልህ። ረዘም ይላል፤ ታገሠኝ።

ከመዝገብ ቤት ወደ ኮምፒዩተር ክፍል እንዴት እንደገባሁ ታውቃለህ። ማንም አላስተማረኝም። አንተ የላክህልኝ ያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ፣ ሰዎች ከሥልጠና ሲመለሱ ጥለውት የሚሄዱት ወረቀት፣ ማሽኑ ራሱ የሚጽፈው ቃል፣ እነዚህ ናቸው መምህሮቼ። ያልገባኝን ቃል ሁሉ ቀድቼ ቤት እወስድና በመዝገበ ቃላት እፈልገዋለሁ። መጻፊያዬም ፕሪንተር አበላሽቶ ያወጣው ወረቀት ነው። አንዱ ፊቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ መጣሉ ያሳዝነኛል። በመርፌ እሰፋውና ደብተር ይሆነኛል። ምኞት «የእማዬ ቡትቶ» ትለዋለች።

ነሐሴ ላይ ርብና ጉማራ ወንዞች መሙላታቸውን ሰምተሃል። በሐይቁ በኩል ያለው ሜዳ ከነሩዙ ውሃ ውስጥ ተኛ። ሩዝ ውሃ ይወዳል ትለኝ ይሆናል፤ እስከ አንገቱ እንጂ ከራሱ በላይ አይወድም። መሥሪያ ቤታችን ሩዙ ለጠፋበት ገበሬ የሽምብራ ዘር ሊያድል ተነሣ። ውሃው ሲሸሽ፣ ጭቃው ሳይሰነጠቅ ሽምብራ ከተዘራ ሰው ዓመቱን ይገፋል። ከየቀበሌው የመጣውን ስም ወደ ኮምፒዩተር ያስገባችው አምሳል ናት፤ ባለፈው ዓመት በኮንትራት የተቀጠረች ጸሐፊያችን፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ የመጣች፣ እጀ ፈጣን ሳቂታ ልጅ። ጳጉሜን ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ጽፋ አተመችው፤ ፕሪንተሩ ቀለሙ ደክሞ አዥጎርጉሮ አወጣባት። ስሙ ተጨምሮ ሲያልቅ ደግሜ አትማለሁ ብላ እሷ ጣለችው፣ እኔ አነሣሁት። የቀበሌዎቹን የእጅ ጽሑፍ፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል ብለን፣ እንደ ትርፍ መለስንላቸው። እዚያ ማን የት እንዳኖረው እስካሁን የሚያውቅ አልተገኘም።

መስከረም ሦስት ቀን፣ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ሰኞ፣ ኃላፊያችን አቶ መንግሥቴ ወደ ክፍላችን መጡ። ደብዳቤ በታተመ ቁጥር ማሽኑ ከላይ የፈረንጅ ቀን እየጻፈ በእስክሪብቶ መሰረዝ ሰልችቷቸዋል። «ወይዘሮ አገኘሁሽ፣ እኛ ሁለት ሺህ ሦስት ገባን፤ እነዚህ ሁለት ሺህ ዐሥር ላይ ምን ያደርጋሉ? ወደ አገራቸው መልሻቸው እንጂ!» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሰባቱን ማሽን አንድ በአንድ ቀየርኩ፤ ወር አንድ፣ ቀን ሦስት፣ ዓመት ሁለት ሺህ ሦስት። በስብሰባ ላይ ስሜ ተነሥቶ ተመሰገንኩ። አሠራሩን እንዳልረሳው በደብተሬ ላይ ጻፍኩና ከሥሩ ስሜንም አኖርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር ሰውመሆን፤ አልዋሽህም።

አንቲቫይረስ የሚሉትን አንተም ታውቀዋለህ፤ የማሽኑ ዘበኛ ነው። አዲስ የመጣውን ቫይረስ መልኩን የሚለየው በየጊዜው አፕዴት ሲደረግ ነው። የእኛ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ባሕር ዳር የሄደ ሰው በፍላሽ ያመጣልናል። ቀኑን ከቀየርኩ በኋላ የመጣው አልገባ አለ። ማሽኑ ከራሱ ቀን ሰባት ዓመት ወደ ፊት የተሠራ መድኃኒት ሲሰጡት እንዴት ብሎ ይቀበል? ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። በጥጉ በኩል ቀይ ምልክት በራ። አየሁት። ፍላሹ ተበላሽቶ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ይስተካከላል ብዬ ለማንም ሳልናገር ተውኩት። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ባላውቅ አላውቅም፤ ቀዩን ግን አይቼዋለሁ።

የፈረንጅ የመጀመሪያ ወሩ ሠላሳ አንድ ቀን አለው። እኛ ጥቅምት አንድ ስንገባ ማሽኖቹ ወሩን አልጨረሱም ነበር። ያን ዕለት የወጣው ደብዳቤ ከላዩ 31/1/2003፣ በእኛ አነጋገር መስከረም ሠላሳ አንድ፣ የሚል ቀን ይዞ ደብረ ታቦር ያሉ አለቆቻችን ዘንድ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ከእነሱ ስልክ ተደወለ። አቶ መንግሥቴ እጀታውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ፊታቸው ቀላ። «ወረታ ላይ መስከረም ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን ተገኘ አሉ፤ ሥራ በዝቶብናልና ለእኛም ላኩልን» ብለው ነው የቀለዱባቸው።

ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። ሰባቱንም ወደ ፈረንጁ ቀን መለስኩና አፕዴቱን ጫንኩ። መስኮቱ ብቅ ብሎ ወዲያው ድርግም አለ። ደገምኩ፤ ድርግም። የኔትወርኩን ገመድ ሰክቼ ከአንቲቫይረሱ ባለቤት ድረ ገጽ ላወርደው ሞከርኩ። የዜናው ገጽ ይከፈታል፣ የኢሜይሉም ይከፈታል፣ የአንቲቫይረሱ ብቻ አይከፈትም። የሌላ አንቲቫይረስ ገጽ ሞከርኩ፤ እሱም እምቢ። ኔትወርኩ ደክሞ ቢሆን ለሁሉም እኩል በደከመ ነበር። መርጦ የሚዘጋ ነገር ውስጥ ገብቷል። ዘበኛው በተኛበት ወር ቫይረሱ ገብቶ ቤቱን ይዞታል፤ ቀኑን ባቃናውም አሁን መድኃኒቱን ከደጅ ይመልሰዋል። ገመዱን ሁሉ ነቀልኩ፤ ፍላሽ ከማሽን ማሽን አይዙር አልኩ። ዘግይቼ ነበር።

በማግስቱ አምሳል ማሽኗን ስትከፍት የገበሬዎቹ ስም የነበረበት ፎልደር የለም። ቫይረሱ ደብቆት ሊሆን ይችላል፣ እስኪጣራ አትንኩት ብዬ ነበር። እኔ ስናገር ደግሞ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ አጠገቤ ያለው ካልሰማኝ ማንም አይሰማኝም። ከገበያ አንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ተጠርቶ ፎርማት አደረገው። ማሽኑ ባዶውን ተነሣ።

ከዚያ ጥፋተኛ ተፈለገ። አምሳል ፍላሽሽን አምጪ ተባለች። የእኅቷ ሠርግ ዘፈን ነበረበት፤ ከዘፈኑ ጋር ቫይረሱም ተገኘ። የሌሎቻችን ፍላሽ ቢታይ ያው እንደሚገኝበት የጠየቀ የለም። ምናልባት ያስገባችው እሷ ትሆናለች፣ ምናልባት ሌላ ሰው፤ ዘበኛው ነቅቶ ቢሆን ግን በሩ ላይ ይይዘው ነበር። ቀኑን እኔ እንደቀየርኩ ሁሉም ያውቃል። ቀኑ ዘበኛውን እንዳስተኛው፣ ቀዩንም አይቼ ዝም እንዳልኩ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ የዲሲፕሊን ኮሚቴ እስኪያያት ከሥራ ታገደች፤ ኮንትራትሽም አይታደስም ብለው በአፍ ነገሯት። የተከራየችው ክፍል ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ነው። ጠዋት ሳልፍ መስኮቷ ዝግ ነው።

ገበሬውም ደጃችንን አልለቀቀም። አያ አያልነህ የሚባሉ የናበጋ ቀበሌ ሽማግሌ በየቀኑ ይመጣሉ። «ውሃው የበላው ሩዜን ነበር፤ እናንተ ስሜን በላችሁት» አሉኝ። አንዱ ጎልማሳ ከኋላ ሆኖ «አይዞዎት አያ፣ ሽምብራው የሚታደለው መስከረም ሠላሳ አንድ ነው» ሲል ደጁ በሙሉ ሳቀ። ወሬው ገበያ ደርሶ ኖሯል። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጫማቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ በዱላቸው ጫፍ ፈርፍረው አሳዩኝ። መሬታቸው እንዲህ እየሆነ ነው ማለታቸው ነው።

ቅዳሜ ዕለት ያ ቀይ ምልክት ምን ብሎ እንደነበር ላስታውስ ብዬ ደብተሬን ሳገላብጥ ከአንድ ገጽ ጀርባ የአያ አያልነህን ስም አየሁ። ቀጣዩን ገለጥኩ፤ ስም። ቀጣዩን፤ ስም። አምሳል ጳጉሜን ላይ የጣለችው ወረቀት ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም አሉ፤ ቀለሙ ቢደክምም ይነበባል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ገጹን መልሼ ስገለብጠው የእጄ ጽሕፈት ፊት ለፊቴ ነው፦ «መስከረም ሦስት፣ ሰባቱን ማሽን ወደ እኛ ቀን ቀየርኩ።» ሁለት ቅጠል አለፍ ብሎ ደግሞ፦ «አፕዴቱ አልገባም። ቀይ ምልክት በራ። ይቆይ።» ከነቀኑ ተጽፏል።

ሰኞ ማለዳ ማንም ሳይመጣ ፎቶ ኮፒ ክፍል ገባሁ። ያ ማሽን የሚያነሣው የተደፋለትን ፊት ብቻ ነው። ስሙን ስሙን አነሣሁና ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ኮፒውን ስሰጣቸው አቶ መንግሥቴ ብድግ ብለው ጨበጡኝ። ከጳጉሜን በኋላ የተጨመሩትን ሃያ ስድስት ስሞች ከገበሬዎቹ አፍ ሰበሰብን። ማክሰኞ ከባሕር ዳር የኔነህ የሚባል ባለሙያ መጣ። ማሽኖቹን በሲዲ እያስነሣ አጸዳቸው፤ ሲዲ አንዴ ተጽፎ ካለቀ ቫይረስ አይገባበትም። ከጸዱ በኋላ አፕዴቱ ያለ ክርክር ገባ፤ ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴ በራ። የኔነህ ቀስ ብሎ «እትዬ፣ እነዚህ ከመስከረም መጀመሪያ ወዲህ ምንም አልተቀበሉም፤ ምን ነክቷቸው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንጃ አልኩት። ወንድሜ፣ እንጃ አልኩት።

ሐሙስ ዘሩ መታደል ጀመረ። ያን ቀን ስመለስ የአምሳል መስኮት ተከፍቶ ነበር። «እትዬ አገኘሁሽ፣ ዝርዝሩን አገኘሽው አሉ፤ እግዜር ይስጥሽ። አሁን እንግዲህ ይምሩኝ ይሆናል» አለችኝ። ይምሩኝ አለች። ቤት ገብቼ እራት አልበላ አለኝ፤ እናታችን ምን ነካሽ ስትለኝ ጨጓራዬን ነው አልኳት።

ትናንት ዓርብ ኮሚቴው ተቀመጠ። እኔን የጠራኝ የለም። አምሳልን እየጠየቋት ሳለ አንኳኩቼ ገባሁና ደብተሩን ከነስፌቱ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ይህን ፊቱን ሰኞ ሰጥቻችኋለሁ፤ ይህን ደብቄ ነበር» ብዬ ገለበጥኩና ቀኑ ዘበኛውን እንዴት እንዳስተኛው ነገርኳቸው። ድምፄ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ጥግ ድረስ ተሰማ መሰለኝ፣ ማንም ድገሚ አላለኝም። አቶ መንግሥቴ ሲያነቡ ቆዩና «እኔ ቀኑን ቀይሪ አልኩ እንጂ ዘበኛውን አስተኚ አላልኩም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከኮሚቴው አንዱ ቀና ብለው «ይህን ወረቀት ቀደሽ ብትጥይው ኖሮ ማን ያውቅብሽ ነበር?» አሉኝ።

ታመሰግነኛለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ የሆነው ግን ከጠበቅሁትም ከበደ። አምሳል ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ስምንት ቀን በመስኮቴ ስታልፊ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ሰኞ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ወረቀት ሰጥተዋታል። ጠረጴዛዋ ከእኔ ፊት ለፊት ነው፤ እኔ በዚያ ከቆየሁ። የክፍሉን ቁልፍ ተቀብለውኛል፤ ጥፋቴን ጽፌ እንዳመጣ ታዝዣለሁ። ወደ መዝገብ ቤት ይመልሱኛል የሚል ወሬ አለ፤ ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል። ደብተሬም እነሱ ዘንድ ቀርቷል፤ ስድስት ዓመት የለቀምኩት ሁሉ እሱ ውስጥ ነው።

እናታችን እስካሁን አልሰማችም። በገዛ አፌ እስክነግራት አንተም በስልክ እንዳታነሣባት። ሌላው፣ ያ መጽሐፍህ ከሁለት መቶ ዐሥረኛው ገጽ ወዲያ የለውም። ማውጫውን ትናንት አየሁት፤ ስለ ማሽን ቀንና ስለ አፕዴት የሚለው ምዕራፍ ከዚያ ወዲያ ኖሯል። እዚያ ከተማ ሙሉውን ካገኘህ ላክልኝ። ቁልፉን ባይመልሱልኝም ልጨርሰው እፈልጋለሁ።

ለወለላ ጉንጯን ስመህ ሰላምታዬን ስጥልኝ፤ የላከችልኝን ሻሽ ለኮሚቴው ቀን አስሬው ነበር በላት። አማረን በድዱም ቢሆን በጥርሱም ቢሆን ሳምልኝ። ለግቢያችሁ ሰዎች ሁሉ ሰላም በል። እናታችን አንተን ሳታይ ዓይኔን እንዳልከድን ጸልዩልኝ ትላለች። ምኞት ስምህን እየጠራች ትስምሃለች፤ የሒሳብ መጽሐፍ እንዳትረሳ ብላለች። እኔም እንደ ልጅነታችን ግንባርህን ስሜሃለሁ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩልህ፤ ከእንግዲህ የማን እንደሆነ ሳልለይ ቀን አልጽፍም።

እኅትህ አገኘሁሽ

ወረታ
በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 2003 ዓ.ም.
በፈረንጆቹ ኦክቶበር 23 ቀን 2010