ላልተቃጠለው ሱቄ ስለደረሰኝ ማጽናኛ

ኮምፒውተር ከጽሑፍ እንዲማር ለሚያስተምረው መሥሪያ ቤት፣
ለተከበሩ ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከነመቀሴ፣ ከነመርፌዬ፣ ከነጣሪያዬ ደህና ነኝ፤ የጣሪያውን ነገር ማንሳቴ ኮምፒውተርዎ ሌላ ወሬ ሳይነግርዎት አይቀርም ብዬ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን ሁሉ እያነበበ እውቀት እንደሚቀስም፣ ሰው ሲጠይቀውም ፈጥኖ እንደሚመልስ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ እኔ የቀሰመው እውቀት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ልብስ ስፌት ቤቴ ተቃጥሏል።

አንደኛ፤ የተቃጠለው የጎረቤቴ ዳቦ ቤት ነው። አንድ መንገደኛ እሳቱን ፎቶ ሲያነሳ በጭሱ መሃል የሚነበበው የእኔ ታፔላ ብቻ ስለነበረ፣ «የልብስ ሰፊዋ ቤት ነደደ» ብሎ ጻፈ፤ ያየውም ሁሉ እያዘነ ተቀባበለው። አክስቴ እንኳ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ፣ የምሰፋላትን ቀሚስ እየጠበቀች፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ንብረት ይተካል» ብላ ጽፋልኛለች። ምነው ብላት፣ «ሁሉም ሲጽፍ እኔ ዝም ልበል እንዴ?» አለችኝ።

ሁለተኛ፤ ኮምፒውተርዎ ብዙ ሰው የጻፈውን አምኖ፣ እኔ ብቻዬን «አልተቃጠለም» ብዬ የጻፍኩትን እንደ አሉባልታ በመቁጠሩ ላመሰግነው ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንዲሉ፣ ሁሉም በውሸቱ ሲያጌጥ እውነቱን እኔ ብቻዬን ተሸክሜያለሁ።

ሦስተኛ፤ በቀደም አንዲት ሙሽራ ደጄ ላይ ቆማ፣ የስፌት መኪናዬን ድምፅ እየሰማች፣ ስልኳን አየት አደረገችና «ውይ፣ ይቺ ናት ለካ የተቃጠለባት!» ብላ ከንፈሯን መጥጣ ሄደች። አብራኝ የምትሰፋው እህቴም ደንበኛ ቢጠፋ መቀሷን ጠቅልላ ሌላ ሥራ ፍለጋ ወጥታለች። ክቡር ሆይ፣ ጨንቆኛል። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ስከፍት መኖሬን ለማን እንደማስረዳ አላውቅም።

አራተኛ፤ ለመሥሪያ ቤትዎ አቤት ብል መልስ የሰጠኝ ያው ኮምፒውተር ነው። በደረሰብኝ የእሳት አደጋ ማዘኑን ገልጾ፣ ሱቄን መልሼ ስሠራ እንዳሳውቀው በትህትና ጠየቀኝ። ዳኛዬም የከሰስኩት ራሱ በመሆኑ ፍርዱ ሳይጓተት ደርሶኛል።

ስለዚህ አንድ ሰው እንዲልኩልኝ እለምናለሁ። ማንበብ ባይችልም ግድ የለም፤ መጥቶ ግድግዳውን በእጁ ይዳስስልኝ።

ላነበበ ሁሉ እውቀት እንደተሰጠው፣ ዓይንም እንዲጨመርለት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የታታሪው ኮምፒውተርዎ አመድ፣
ልብስ ሰፊዋ፣ ከቆመው ሱቋ ውስጥ

ደብዳቤው ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ የታከለ፤ እህቴ ትናንት ስለ ሱቃችን ኮምፒውተርዎን ጠይቃው ነበር። አሁን ጥርጣሬው ሁሉ ለቆታል። ከዚሁ ደብዳቤ ላይ «ልብስ ስፌት ቤቴ ተቃጥሏል» የሚለውን ጠቅሶ፣ ባለቤቲቱ ራሷ አረጋግጣለች ብሏታል።