ስለ ጤና አዳሟ ጠርሙስ፣ ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ለተከበሩ ኦቦ ጂራ፣

እርስዎም፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኡርጌም፣ በሆዳቸው ያለው የአምስት ወር እንግዳም እንደምን ከረማችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ምራቴ ሃዋኒ ግን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና አምቦ ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በእሷም ስም እንዲቀበሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. ባለፈው ወር በነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ላይ፣ ብስኩትና ለስላሳ ላቀረበው ነጋዴ ለአቶ ወንድወሰን ማይኩን ሰጥተው፣ የጤና አዳም ዘይቱን ለማቅለሽለሽ ጠዋት ጠዋት በሻይ አምስት ጠብታ እያለ እንዲያስተምርልን ስለፈቀዱ እናመሰግናለን። አዋላጇ ሲስተር ድንቅቱ እጇን ብታወጣ ሰዓት የለም ብለው ማስቀመጥዎም ለሰዓት ያለዎትን ክብር ያሳያል። ብስኩቱ እስኪያልቅ ግን ሰዓት ነበረን።

2. ሃዋኒ ዘይቱን መጠጣት በጀመረች በአራተኛው ቀን ሆዷን ቆርጧት ደም ሲፈሳት ቢሮዎ ድረስ ስመጣ፣ ጤና አዳም እናቶቻችን በአይብ ሲበሉት የኖሩት ነው፣ ቅጠል ምን ያደርጋል ብለው አጽናኑኝ። እውነትዎን ነው፣ እኔም አይቤ ላይ አንድ ዘለላ ጣል አደርጋለሁ። ጆንያ ሙሉ ግን ጨምሬ አላውቅም። ሲስተር ድንቅቱ እንዳስረዳችኝ ዘይቱ የብዙ ቅጠል ኃይል በአንድ ጠብታ የታጨቀበት ነው፤ ማሕፀን ያኮማትራል፣ ነፍሰ ጡር ልትጠጣው አይገባም። የሕፃኑ ልብ እየመታ ነው ብለውናል፤ እናቱ ግን ከአልጋ እንዳትወርድ ታዝዛለች፣ እኛም ቀን እንቆጥራለን።

3. አቤቱታሽን በጽሑፍ፣ በሦስት ኮፒ አምጪ ስላሉኝም አመሰግናለሁ፤ ያለዚያ ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩትን ብዕር መቼ አነሳው ነበር! ጠርሙሶቹ ግን ዛሬም ምጥ በሚጠብቁት ሴቶች ፊት፣ በእናቶች ማረፊያው መስኮት ላይ ተደርድረዋል። የሚቀጥለው ኮንፈረንስ ረቡዕ ነው። ከዚያ በፊት ያንሷቸው።

ሦስቱ ኮፒ ይኸውና፦ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለማረፊያው በር፣ አንዱ ለሚኒባስ መናኸሪያው ግድግዳ። ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ ቤታችሁ የገባ ጠርሙስ ካለ አትጠጡት፤ ሲስተር ድንቅቱን ጠይቋት።

የብስኩትዎን ጣፋጭነት ከቶ የማልረሳው፣ መልካም ጤንነትዎን የምመኝ፣

ወሰንየለሽ ይገዙ፣ የሃዋኒ አማት

ማስታወሻ፦ በዚያ ኮንፈረንስ ጠርሙሱ ሲታደል ለወይዘሮ ኡርጌም ደርሷቸው ነበር። እርስዎ ቀስ ብለው ከእጃቸው ወስደው ኪስዎ ሲከቱ ከኋላ ወንበር ሆኜ አይቻለሁ። ኦቦ ጂራ፣ ያን ዕለት ያወቁትን ለሃዋኒም ሹክ ቢሏት ምን ነበረበት?