የአያታችን ግራ እጅ

ቡታጅራ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙስተፋ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እማም፣ ዑመይርም፣ እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ጥሩ ነው፤ ጭቃው ግን ከቤት አላስወጣ ብሎናል። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃንና ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዚህ ዘመን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩት ናፍቆት አሸንፎኝ እንዳይመስልህ። ፌስቡክ ላይ ብሎክ ስላደረግከኝ ነው። ስልክ ስደውል ደግሞ «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ብለህ ትዘጋብኛለህ፤ እንዲህ ያለ ኔትወርክ ያለው እኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ጣሊያንም አለ። ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ ባሏ ዘንድ ወደ ሚላኖ የምትሄደው ፈቲሀ በእጅህ ትሰጥሃለች። እሷን ብሎክ ማድረግ አይቻልም። በር ስታንኳኳ እስኪከፈትላት እንደማትተው አንተም ታውቃለህ።

ነገሬ በረመዳን ስለለጠፍከው ፎቶ ነው። አያታችን በደዊ ያን ባለ ናስ ቁልፍ ካፖርት ለብሰው የተነሱት። ከሥሩ የጻፍከውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «አያቴ ናቸው። ለጣሊያን መንገድ በግዳጅ ሲቆፍሩ ግራ እጃቸውን ተቆርጠዋል። እኛ ስደተኞች አይደለንም፤ የተዘረፈ ውርሳችንን ልንረከብ የመጣን ወራሾች ነን።» አምስት ሺህ ሰው ላይክ አደረገልህ። አንዱማ እንዳለቀሰ ጽፏል።

አንተ ልጅ፣ የትኛው እጃቸው ነው የተቆረጠው? አያታችን ግራኝ እንደነበሩ ረሳኸው? ቁርኣን ስትሳሳት ጆሮህን የሚጠመዝዙህ በዚያው በግራ እጃቸው ነበር። የቀኙ ጆሮህ እስከ ዛሬ ከግራው የሚተልቀው በሌላ በምን ይመስልሃል?

የፎቶውን ታሪክ ራሳቸው እየሳቁ ሲያወሩ አብረን ሰምተናል። በርበሬያቸውን ከመስቃን ጭነው መጥተው ሸጡና ጋሽ ባዩ ፎቶ ቤት ገቡ። ጋሽ ባዩ «በጋቢ ከተነሱ በሽተኛ ይመስላሉ» ብሎ ካፖርቱን ከግድግዳው አወረደላቸው። ከሰልባጅ ገዝቶ ለደንበኛው ሁሉ የሚያለብሰው ካፖርት ነው። እጅጌው ረዘመባቸው። የቀኙን ወንበሩ ላይ ሲደገፉ ወደ ላይ ተሰበሰበላቸው፤ የግራው ግን እጃቸውን እንደዋጠ ቀረ። በዚያ ላይ ይሄ የሆነው ጣሊያን አገር ለቆ ከወጣ ስንት ዘመን ቆይቶ ነው። እሱ በገባ ጊዜ አያታችን በእናታቸው ጀርባ የታዘሉ ሕፃን ነበሩ። መንገድ የቆፈሩት ታዝለው መሆን አለበት።

ከዚያ የቡታጅራ ልጅ ሁሉ ካለበት አገር ተነሳልህ። ማርቲ የአያቷን ፎቶ ለጠፈች፤ ያው ካፖርት። ያረጋል ደግሞ ከጎጃም ተሾመው የመጡትን የመዝገብ ቤት ሹም አያቱን ለጠፈ፤ ያው ካፖርት። ሁሉም ላይ ሦስተኛዋ ቁልፍ የለችም። ጤነኛ ሰው «ይህች ቁልፍ እንዴት ከሁሉም ላይ ጠፋች?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተ ዘንድ ግን ራሱን ተመራማሪ ብሎ የሰየመ አንድ ሰው መጣና «ሦስተኛዋ ቁልፍ የምትነቀለው የግዳጅ ሠራተኛ እንዲለይ ነው» ብሎ ፈረደ። የጎጃሙ ሰውዬም ሠራተኞቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ ይጋዙ እንደነበር ማስረጃ ሆኑ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚባለው ለናንተ ነው። እኔ ከሥር «ይሄ የጋሽ ባዩ ፎቶ ቤት ካፖርት ነው» ብዬ ብጽፍ፣ ባንዳ ተባልኩ። አንተም «የነጭ አምላኪ» ብለኸኝ በሩን ዘጋህብኝ። የታሪክ ፈተና ከደብተሬ እየኮረጅክ ያለፍክ ልጅ፣ ለታሪክ አስተማሪዋ እህትህ ታሪክ አስተማርካት።

ቅኝ ገዢ አልዘረፈም ያልኩ እንዳይመስልህ። በየዓመቱ ክፍል ገብቼ የማስተምረው ይሄንኑ ነው። ኮንጎ ውስጥ የጎማ ዛፍ ሙጫ አሳነሳችሁ ተብለው እጃቸውን የተቆረጡ ሰዎች ነበሩ። ፎቷቸው አለ፣ የመሰከረላቸው አለ፣ የተጻፈ ነገር አለ። አንተ የእነሱን እጅ ሰርቀህ አያታችን እጅጌ ውስጥ ከተትከው። ነገ አንድ ነጭ ካፖርቱ ከየት እንደመጣ ቢደርስበት፣ «የኮንጎውም እንዲሁ ነው» ብሎ ይስቃል፤ መሳቂያውን የሰጠኸው ደግሞ አንተ ነህ። እውነተኛ ክስ በሐሰተኛ ምስክር ሲፈርስ እንደማየት የሚያናድድ ነገር የለም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ይሄም ቢሆን ለሳቅ በቀረ ነበር። ታናሽህ ዑመይር ግን ያን ፎቶ አሳትሞ ከአልጋው ራስጌ ሰቅሎታል። እንሴኖ ያለ ደላላ አግኝቷል፤ ከአረፋ ማግስት በመተማ ይወጣል። እማ የጓሮዋን ባሕር ዛፍ ልትሸጥለት ገዢ አነጋግራለች። በሚያዝያ ከሊቢያ የመጣውን የወገኖቻችንን መታረድ ወሬ ሰምቶ ያላለቀሰ አልነበረም፤ እሱም አብሮን አልቅሷል። ይሄን ባስታውሰው ምን እንዳለኝ ልንገርህ። «ሳሌ፣ ሙስተፋ ደርሶ የለም እንዴ? ልሰርቅ አይደለም የምሄደው። የአያቴን የእጅ ዋጋ ልቀበል ነው» አለኝ። ስለ ካፖርቱ ብነግረው «አንቺ በሱ ትቀኚያለሽ» ብሎ ጥሎኝ ወጣ። የኔን የብዙ ዓመት ትምህርት ያንተ አንድ መስመር ቀደመችው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እትዬ ከድጄ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው ሙሀመድአወል እዚያው አንተ ያለህበት ከተማ እንዳለ ታውቃለህ። አዲስ ፎቶ ልኮላቸው «ልጄ አላማረበትም?» ብለው አሳዩኝ። ነጭ መኪና ተደግፎ፣ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ለብሶ። የደረት ኪሱ ዚፕ ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። መርፌ ቁልፏን አወቅኳት። ለኢድ ለእማ በላክኸው ፎቶ ላይ ያቺው ናት፤ መኪናውም ያው መኪና ነው። «በጣም አምሮበታል» አልኳቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፣ እናንተ ግን በፈረቃ ትደምቃላችሁ። ጋሽ ባዩ ፎቶ ቤቱን ዘጋ ሲሉ አዝኜ ነበር፤ ለካ ሚላኖ ቅርንጫፍ ከፍቷል። ዑመይር ከደረሰ ለአንዲት ጃኬት ሦስተኛ ተረኛ ይሆናል ማለት ነው።

ማታ ፎቶዎችህን በሙሉ አውጥቼ ጎን ለጎን አየኋቸው። ልስቅብህ ነበር። ሙሀመድአወል ሁለት እጁን መኪናው ላይ ዘርግቷል። አንተ ግን በመኪናው አጠገብም፣ በበረዶውም፣ ከጓደኞችህ መሀል ቆመህም፣ ግራ እጅህ ኪስህ ውስጥ ናት። ከካርቱም በላክኸው ፎቶ ላይ ሁለቱም ይታያሉ። ከሊቢያ ወዲህ ግን ግራዋን አንድ ጊዜም አላየኋትም። ሳቄ እዚያው ላይ ቀረ።

ከዚያ ጀምሮ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ለአያታችን የፈጠርከው ነገር መሬት ሊሆን ይችል ነበር፤ ከብት፣ ጥርስ፣ ዓይንም ሊሆን ይችል ነበር። ለምን እጅ አልክ? በዚያ መንገድ እንዴት እንዳለፍክ አንድ ቀንም ነግረኸን አታውቅም። ስለ አያታችን ያልሆነውን ለአምስት ሺህ ሰው ጻፍክ፤ ስለራስህ የሆነውን ለአንድ ሰው አልጻፍክም።

ለእማ ምንም አላልኳትም። ለዑመይርም አልነግረውም፤ እኔን አያምንም፣ አንተን ግን ያምናል። ስለዚህ ከአረፋ በፊት አንድ ፎቶ ላክለት። ጃኬቱን ለባለተራው ስጥና በራስህ ልብስ ተነሳ። ሁለቱም እጆችህ ይታዩ። ከሥሩ ምንም አትጻፍበት።

አላህ ካለህበት ከክፉ ሁሉ ይከልልህ፤ የእማንም ፊት በሰላም ያሳይህ። ምናልባት ተሳስቼ፣ ግራ እጅህ ደህና ከሆነች፣ ወላሂ በአምስቱ ሺህ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ ባንዳም በለኝ፣ የፈለግከውን በለኝ። ከሶላት በኋላ የማደርገው ዱዓ ይሄው ሆኗል። ክርክር ላይ ልሸነፍ ብዬ አላህን ስለምን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

እህትህ ሳሌሃ